ተሳፋሪ ያልናት ሴት

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት ሆነ? ጠብታውን በሰዓቱ እንደሚያደርጉ ባላምንም ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ እህቴ ናትና ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስጠንቅቃት፤ ቶሎ ቶሎ አታንብቢ፤ ስለ መኪና ነው ብለሽም አትዝለዪ። አባባ የተዘለለውን ያውቁብሻል።

ባለፈው ስመጣ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያወረድኩትን ፎቶ እስከ ዛሬ አለመመለሴ ሳያስቆጣዎት አልቀረም። የተሰነጠቀው መስታወት ተቀይሯል፤ ክፈፉም ተጠግኗል፤ ስለዚህ ሰበቤ ካለቀ ቆይቷል። ያዘገየኝ ሌላ ነገር ነው። ክፈፉ ተፈትቶ ፎቶው ብቻውን እጄ ላይ ሲቀር፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም ብዬ በስካነር አነሣሁትና ኮምፒውተር ላይ አሰፋሁት። ለአንድ ምሽት ብቻ ላየው ነበር ያሰብኩት። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።

የቤታችንን የድሮ ክርክር እንደማይረሱት አውቃለሁ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ፎቶ ሊነሡ ብለው ነው የቆሙት» ትል ነበር። እርስዎ ደግሞ «መኪና ገጠር መንገድ ላይ በገዛ ፈቃዱ አይቆምም፤ ጠፍቶባቸው ነው» ይላሉ። እኔ በልጅነቴ ጎንበስ ያለው ሰውዬ ሳንቲም ወድቆበት የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ሦስታችንም በአንድ ነገር ግን ተስማምተን ነበር፤ ባርኔጣዋን በስስ ጨርቅ ያሰረችውን ሴት «ተሳፋሪዋ» ነበር የምንላት።

አሁን በደንብ ስለማይታይዎት ፎቶውን እንደ አዲስ ልሣልልዎ። የገጠር መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፣ ከበስተኋላው ሦስት ረጃጅም ዛፎች። መንገዱ መሐል ጣሪያ የሌላት መኪና አፍንጫዋን ወደ እኛ ሰጥታ ቆማለች። ከፊቷ ረጅም ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ጎንበስ ብሏል። ከፊት ወንበር ላይ ሴትዮዋ፣ ከኋላ ሁለት ልጆች፤ ከመንገዱ ዳር ፈረሱን በልጓም የያዘ ገበሬ። የፎቶው ጀርባ ባዶ ነው። ስም የለ፣ ቀን የለ፣ ማኅተም የለ። የሚናገረው ሁሉ ፊቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የያዘኝ ጎማው ነው። አራቱም ጎማዎች ነጭ ናቸው፤ ነጭ ባይባሉ እንኳ የአመድ ቀለም አላቸው። እርስዎ «አቧራ ነው» ይሉ ነበር፤ አቧራው እርግጥ አለ፤ ግን ከኋላ በጠፍር የታሰረው ትርፍ ጎማም ያው ቀለም ነው። ጎማ በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም አባባ። የዛፉ ወተት ሲረጋ ነጣ ያለ ነው፤ በዚያ ዘመን የሚጨምሩበት የዚንክ ዱቄት ደግሞ ይበልጥ ያነጣው ነበር። ጥቁር የሆነው ጥላሸት የመሰለ የካርቦን ዱቄት ሲቀላቀልበት ቶሎ እንደማያልቅ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ልማዱም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልክዎን ጥቁር ጎማ ሲቀይሩ የኖሩ ሰው ግድግዳዎ ላይ ነጭ ጎማ ሰቅለው ኖረዋል ማለት ነው።

ከጎማው ቀጥሎ መብራቱ ነው። ሁለቱ የነሐስ ፋኖሶች የሰው ራስ ያህላሉ። በስተግራ መርገጫው ላይ አንድ ጣሳ የሚመስል ነገር ተጠምዷል፤ ከእሱ ቀጭን ቱቦ ተነሥቶ በፓራፋንጎው ሥር ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። ጣሳው ጋዝ የሚፈልቅበት ነው። ከላይ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ከታች ካለው የካርባይድ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ አሲቲሊን ይወጣል፤ መብራቱ በክብሪት ይለኮሳል። በየጋራዡ ብረት የሚበየድበት ጋዝ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሲመሽባቸው ከመኪናቸው ወርደው ፋኖስ እንደሚያበራ ሰው ክብሪት ይጭሩ ነበር። ንፋስ ካለስ? ዝናብ ካለስ? እርስዎ ቢሆኑ ምን እንደሚሉ ስለማውቅ እዚህ አልጽፈውም፤ እህቴ ጮክ ብላ ነው የምታነበው።

የፊት መስታወት የለም፤ የፊት በርም የለም። እንዲህ ያሉት መኪኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ነው የሚታዩት፤ ከነጭ ጎማውና ከጋዝ መብራቱ ጋር ሲደመር የፎቶው ዘመን ከሞላ ጎደል ይታወቃል። የሴትዮዋ ስስ ጨርቅ፣ የሰውዬው ካፖርት፣ ግንባሩ ላይ የሰቀለው ትልቅ መነጽር ለጌጥ አለመሆናቸውም ገባኝ። ሁሉም ለአቧራው ነው። መንገዱ ከተቀጠቀጠ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ የጋሪዎች የብረት ጎማ ድንጋዩን ዱቄት ያደርገዋል፤ በአየር የተሞላው የመኪና ጎማ ደግሞ ሲፈጥን ዱቄቱን ከሥሩ መዝዞ ወደ ላይ ይበትነዋል። የመንገድ ዳር ሰዎች በመኪና ላይ ከነበራቸው ቂም አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በሞናኮ ጉግሊየልሚኔቲ የሚባል ሐኪም መንገድ ላይ ሬንጅ አፍስሶ ሙከራ አደረገ። ሰዉም «ዶክተር ሬንጅ» የሚል ቅጽል አወጣለት። ለመንገድ ሬንጅ ሐኪም መጨነቁ እርስዎን እንደሚያስቅዎት ስለማውቅ ነው ያነሣሁት። በኮረኮንች ዘመንዎ ሳምባዎ የዋጠውን አቧራ እኔም አልረሳሁትም።

ገበሬው ጋ ስመጣ ብዙ ቆየሁ። በትንሹ ፎቶ ላይ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። ሲሰፋ ግን አንድ እጁ ልጓሙን ከመንጋጋው ሥር አጥብቆ ይዟል፤ ሁለተኛው መዳፉ የፈረሱን ዓይን ጋርዷል። የፈረሱ ጆሮ ደብዝዟል፤ ጭራውም የጭስ ያህል ነው። ሰዎቹ ሁሉ ጥርት ብለው ፈረሱ ብቻ የተንቀሳቀሰው መኪናዋ አስፈርታው ነው። ሞተሯ ሳይነሣ እንኳ! የገበሬው ፊት ላይ ግን ፍርሃት የለም። ይልቅ «ይህን ጉዳችሁን ቶሎ ጨርሱና እንለፍበት» የሚል ትዕግሥት ነው ያለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1865 የወጣ ሕግ በሞተር ከሚሄድ ተሽከርካሪ ፊት ፊት ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ እንዲሄድ ያዝዝ ነበር፤ በገጠር መንገድ የሚፈቀደው ፍጥነትም በሰዓት 4 ማይል ነበር፤ ከእግረኛ እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ሕጉ የተነሣው በ1896 ነው። ባንዲራው ቀርቶም የገበሬው መዳፍ አልቀረም።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ። ሞተሩ እየሠራ አይደለም። ይህን ያወቅኩት ከፋኖሶቹ ነው። የዚያን ጊዜ ሞተር ቆሞ ሲሠራ መላ መኪናውን ያንቀጠቅጥ ነበር፤ ካሜራውም እንደ ዛሬው በቅጽበት የሚያነሣ አልነበረም። ሞተሩ ቢሠራ ኖሮ የነሐሱ ጠርዝ እንደ ፈረሱ ጭራ ይደበዝዝ ነበር። ጠርዙ ግን ምላጭ ነው፤ የአንዱ ፋኖስ ክዳን ላይ የዛፎቹ ጥላ ተገልብጦ ይታያል። ስለዚህ እርስዎ አሸንፈዋል፤ መኪናዋ ጠፍታለች። እማዬም ግን አልተሸነፈችም፤ ልጆቹ ሁለቱም ካሜራውን እያዩ ነው፤ አንደኛው ሳቁን መያዝ አቅቶታል።

ጎንበስ ያለው ሰውዬ ሳንቲም አይፈልግም። ማኖቬላ ይዟል፤ ሞተር በእጅ እየዞረ የሚነሣበትን ብረት። ይህን እርስዎ ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር፤ እኔ ግን እጁን እስካሰፋው ድረስ አላመንኩም ነበር። አሁን ያየሁትን በዝርዝር ልንገርዎ። ቀኝ እጁ ነው። ጓንት የለውም። አራቱ ጣቶቹ የብረቱን እጀታ ከሥር ጨብጠዋል። አውራ ጣቱ ግን እጀታውን አልዞረም፤ ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ተኝቷል። ይህን ሳይ ከወንበሬ ተነሣሁ። በከዘራዎ ስንት ጊዜ አሳይተውኛል! «አውራ ጣትሽን አታዙሪው፤ ከታች ወደ ላይ ሳቢ እንጂ ከላይ ወደ ታች አትጫኚ፤ ሲመልስ ብረቱ ከእጅሽ ሹልክ ብሎ ይውጣ።» የእርስዎ ብቻ ብልሃት ይመስለኝ ነበር። ከእርስዎ መወለድ በፊት የተነሣ ፎቶ ላይ ያው ጣት በዚያው ቦታ አለ።

ማኖቬላው ወደ ኋላ መልሶ እጅ ሲመታ ለሚደርሰው አደጋ ሐኪሞች ስም አላቸው፤ «የሾፌር ስብራት» ይሉታል። በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፉ ላይ፣ የእጅ አንጓው አጠገብ ሲሰበር ነው። የእርስዎ እጅ የተሰበረው እዚያው ላይ አይደለም? ቃሉንም ስፈልገው፣ ሾፌር ማለት በፈረንሳይኛ እሳት የሚያነድ ማለት ነው፤ በእንፋሎት ሞተር ዘመን ምድጃው ላይ የሚቆመው ሰው ስም ነበር። ቤንዚን መጥቶ ምድጃው ቀረ፤ ስሙ ግን ከሰውየው ጋር መሪው ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ወጣ፤ ማኖቬላው ግን ለመጠባበቂያ እየተባለ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ከመኪና አልጠፋም። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የእርስዎ እጅ ደኅና ነበር።

አባባ፣ አሁን ደግሞ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ነገር።

እጁን አየሁ፤ ስለታም ነው፤ ምንም አልደበዘዘም። እያዞረ አይደለም ማለት ነው። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ትከሻውን አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። ፊቱ ቀና ብሏል፤ ካሜራውንም አያይም። ቀና ብሎ የሚያየው ሴትዮዋን ነው። እሷ ደግሞ እሱንም ካሜራውንም አታይም፤ ወደ ታች፣ ወደ ገዛ እጇ ነው የምታየው። እጇን ለማግኘት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ አንዱ ፋኖስ ግማሹን ጋርዶታል። ከፋኖሱ ጀርባ አንድ ጥቁር ቅስት አለ፤ የወንበሩ መደገፊያ ነው ብለን የምናልፈው። መደገፊያ አይደለም፤ መሪ ነው! እርስዎ ዕድሜ ልክዎን መሪውን በግራ የያዘ መኪና ስለነዱ፣ እኛም በእርስዎ ዓይን ስለምናይ፣ በስተቀኝ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ ይመስለናል። በዚያ ዘመን ግን በአውሮፓም በአሜሪካም የአብዛኛው መኪና መሪ በቀኝ ነበር፤ በአሜሪካ ወደ ግራ እንዲዞር ብዙ ያገዘው እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ነው።

ስለዚህ ተሳፋሪዋ ተሳፋሪ አይደለችም። አንድ እጇ ከመሪው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከመሪው መሐል ላይ አንዲት አጭር ዘንግ በሁለት ጣቶች ይዟል።

ዘንጓ ምን እንደሆነች ለእርስዎ አልነግርም፤ ለእህቴ ግን ላስረዳት፣ አለዚያ ታነባለች እንጂ አይገባትም። ካንዴላው፣ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ማለት ነው፣ የሚተኩስበትን ጊዜ የምታስቀድምና የምታዘገይ ናት። ሞተሩ ሲሮጥ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብሎ መለኮስ አለበት። በእጅ ሲዞር ግን ሞተሩ ዝግተኛ ስለሆነ እሳቱ ከቀደመ ፒስተኑን ገና ሲወጣ አግኝቶ ወደ ኋላ ይመታዋል፤ ማኖቬላውም ከነሙሉ ጉልበቱ በተቃራኒው ይዞራል። ስለዚህ ሞተር ከመነሣቱ በፊት እሳቱን ማዘግየት ግድ ነው። ሰውዬው አውራ ጣቱን በደንብ አስቀምጧል፤ ያ የእሱ ድርሻ ነው። ቀሪው በእሷ ሁለት ጣቶች ላይ ነው። እስክትነግረው ይጠብቃል፤ እኛ የምናየውም ያን መጠባበቅ ነው።

ሴት በዚያን ዘመን መሪ ልትይዝ አትችልም እንዳይሉኝ ምስክር አለኝ። ካርል ቤንዝ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ሰው ሁሉ እንደ መጫወቻ ነበር ያየው። በነሐሴ 1888 ሚስቱ ቤርታ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን አስነሥታ ከማንሃይም ተነሥታ ፎርትስሃይም ገባች፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገድ ላይ ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎኽ ላይ ከመድኃኒት ቤት የጨርቅ ማስለቀቂያ ፈሳሽ ገዝታ ሞላች። የነዳጅ ቱቦ ሲደፈንባት በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው፤ ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲለብጥበት አደረገች። ዳገት ላይ ልጆቹ ወርደው ይገፉ ነበር። ይህን ሁሉ ሳነብ የታየኝ እርስዎና ረዳትዎ ናችሁ፤ ጉዞው ከእናንተ የሚለየው ሾፌሯ ሴት በመሆኗ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፎቶውን ትቼ ስለ እጅዎ ልጠይቅዎ።

የእጅዎን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ቃል በቃል ልደግመው እችላለሁ። ጠዋት ነው፤ ብርድ ነው፤ ያቺ ተንኮለኛ መኪና እንቢ ብላለች። ሁለት ጊዜ ያዞራሉ፤ ሦስተኛው ላይ ትመልሳለች፤ ቋ! የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ ከዚያ በግራ እጅዎ ብቻ መሪ ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። መኪናዋ መሪዋ ሥር ያቺን ዘንግ እንደነበራት፣ አውራ ጣትዎም በቦታው እንደነበረ ሁልጊዜ ይናገራሉ። «ታዲያ ለምን መለሰች?» ስልዎት «የመኪና ተንኮል በምን ይታወቃል» ብለው ይስቃሉ። በታሪኩ ውስጥ እርስዎና መኪናዋ ብቻ ናችሁ። ሌላ ሰው የለም።

አንድ ክረምት እማዬ ያን አንጓዎን በቅባት እያሸችልዎ ሳለ ገባሁ። እየተሳሳቃችሁ ነበር። «ይህ እጅ የእኔ ዕዳ ነው» አለች። እርስዎ «ዝም በዪ፤ ልጅ አለ» አሏት። ያኔ የመሰለኝ፣ እሷን ለማግባት ስንት ደክመው ይሆን የሚል የፍቅር ጨዋታ ነበር። አፈርኩና ወጣሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት! አንድም ቀን መልሼ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ሌሊት የዚያችን ሴት ሁለት ጣቶች ኮምፒውተሩ ላይ እስካይ ድረስ።

እማዬ በዚያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ከእርስዎ ጋር ጭነት መኪና ላይ ትሄድ እንደነበር ከዘመዶች ሰምቻለሁ፤ ከእርስዎ ግን አልሰማሁም። ለፎቶውም ከእርስዎ ይልቅ እሷ ነበረች የምትከራከርለት፤ «ፎቶ ሊነሡ ነው የቆሙት፤ ምንም አልደረሰባቸውም» የምትለው። አቧራውን ስትወለውል መስታወቱን ሁለት ጊዜ ነበር የምታብሰው።

ፎቶውን በሚቀጥለው ወር ራሴ ይዤ እመጣለሁ። አንድ ትልቅ ቅጂም አሠርቻለሁ፤ የሰውዬው እጅና የሴትዮዋ እጅ ብቻ ነው ያሉበት። ዓይንዎ ባይረዳዎት እንኳ ቅርብ አድርገው ከያዙት ይታይዎታል ብዬ ነው። ቦታውን ለውጪ ካላሉኝ ከድሮው ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ ብቻ። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ እርስዎ ማኖቬላውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ፣ ጋቢና ውስጥ ማን ነበር?

እህቴ፣ እዚህ ላይ ማንበብሽን አቁሚና የሚሉትን ጻፊልኝ።

ልጅዎ